የጥፋተኛ ምልክቶች

የአባ ዝም ሚስት ሞታለች። አመሻሽ ላይ ለልጃቸው የትኩሳት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ መኪና ገጫት፤ መኪናው አልቆመም። ሹፌሩ እስካሁን አልተገኘም።

አባ ዝም ፖሊስ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ድሮም ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነበር። በዚያ ምሽት የጣቢያው ፒክአፕ እሱ ዘንድ አድሯል። ከመውጣቷ በፊት ሲጨቃጨቁ የሰማ ጎረቤትም አለ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤቱ አይገባም፤ ከተማው ዳር ባሉ ጋራዦች ሲዞር ያዩት አሉ። ምን እንደሚፈልግ ለማንም አልተናገረም። ፊት ለፊት የጠየቀውም የለም። ብቻ እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል።

ለጊዜው ከመንገድ ሥራ አንሥተው የፖሊስ ማሠልጠኛው ቤተ መጻሕፍት አስቀምጠውታል። ሥራው ስለ ፖሊስ ሙያ የተጻፉ መጻሕፍትን እያነበቡ የትኛው ይጠቅማል፣ የትኛው አይጠቅምም ብሎ መፍረድ ነው። ከእሱ ሌላ ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ሰው እትዬ የሚላቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እና ዋና አሠልጣኙ። አንድ ልማድ አላቸው። መጽሐፉ የሚለውን በራሳቸው ላይ ሳይሞክሩ አያሳልፉም።

ያን ቀን ጠዋት ስለ እግር ፓትሮል የተጻፈውን ጣሉት።

«ግማሹ ስለ ጫማ ነው» አሉ እትዬ። «ይኼን የጻፈው ፖሊስ ሳይሆን ጫማ ሻጭ ነው።»

«እኔን እንኳ ይጠቅመኝ ነበር፤ ሰሞኑን እግረኛ ሆኛለሁ» አሉ ዋና አሠልጣኙ እየሳቁ። «የሚስቴ ወንድም መኪናዬን ወስዶ አልመልስ ብሎኛል።»

የቀረው ወፍራሙ ነበር፤ ስለ ምርመራ። ጥፋተኛን ከሁኔታው መለየት ይቻላል ይላል፤ ምልክቶቹንም ይዘረዝራል። የምርመራ ክፍሉ ይህን መጽሐፍ በጉጉት እየጠበቀ ነው። ካለፈ በዚያው ዘዴ መጠየቅ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ የሚቀርበውም አባ ዝም ነው። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። እሱ ከታሰረ ልጅቷን የሚስቱ እኅት ትወስዳታለች። ከወዲሁ አልጋ ገዝታላታለች።

ጠዋት የልጅቷን ጸጉር ሲያበጥር አስለቅሷት ነበር።

«እማዬ እንዲህ አታደርግም» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት። ይቅርታ ሊጠይቃት ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

«ይለፍ» አሉ ዋና አሠልጣኙ መጽሐፉን መታ አድርገው። «ላንተም ይበጅሃል፣ ልጄ። ከሐሜት ትገላገላለህ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ከቀብሩ ወዲህ ከጎኑ ያልተለዩት እሳቸው ናቸው። ለልጅቷ አሻንጉሊት ይዘው መጥተዋል። «እኔ አልጠረጥረውም» ብለው በሰው ፊት የተናገሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

«መጀመሪያ እንሞክረዋ» አሉ እትዬ።

አባ ዝም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እትዬ መጽሐፉን ገልጠው እስክሪብቶ ያዙ። ዋና አሠልጣኙ ጠየቁ።

«በዚያ ምሽት የት ነበርክ?»

«የት ነበርኩ?» ምራቁን ዋጠ። «ቤት።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ጋደም ብዬ ነበር።»

«ምን ተባባላችሁ?»

እጆቹን ማሻሸት ጀመረ። ዐይኑ ወለሉ ላይ ቀረ።

«አንቺ ሂጂ አልኳት» አለ ቆይቶ። «ደክሞኛል አልኳት። እሷም ደክሟት ነበር። የላክኋት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት ብትሉኝም...» አልጨረሰውም።

እትዬ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጥያቄ መድገም አለ፤ ምራቅ መዋጥ፣ እጅ ማሻሸት፣ ዐይን መስበር፣ ሳይጠየቁ ራስን መክሰስ አለ። መጽሐፉ ከጠቀሰው አንድም አልቀረ።

«እንግዲህ...» አሉና ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

«አይዞህ፣ ልጄ» አሉ ዋና አሠልጣኙ።

የአባ ዝም ስልክ ጠራ። ቁጥሩን አይቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፁ ይሰማል።

«እርግጠኛ ነህ?... አሁንም እዚያው ነው?... እንዳትነካው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። እመጣለሁ።»

እትዬ ክው አሉ። ዋና አሠልጣኙ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«በአንድ ሰው ተሞክሮ አይፈረድም» አለ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይቀመጡ።»

«አንተ ልጅ፣ መጽሐፉን ለመጣል ነው እንዴ?» አሉ እትዬ።

«ለመመዘን ነው።»

«ተይው፣ ይጠይቀኝ» ብለው ዋና አሠልጣኙ ወንበሩ ላይ ተዝናንተው ተቀመጡ። «በምን ልትከሰኝ ነው?»

«በዚያው በኔው» አለ አባ ዝም። «በዚያ ምሽት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ራት በልቼ ዜና ሳይ ነበር።» ለመመለስ አልዘገዩም። ዐይናቸው ከዐይኑ አልተነቀለም።

«መኪናዎስ?»

«ግቢ ቆማ ነበር። ምን ነካህ፣ ልጄ? ቀልዱን አበዛኸው እኮ» አሉ ቆጣ ብለው።

እትዬ ገጹን ገለጥ አደረጉ።

«ንጹሕ ሰው ይቆጣል ይላል እዚህ ጋ። ከጥፋተኛ ምልክቶቹ አንድም አላየሁም። ጋሼ፣ ነጻ ነዎት።»

«ይኸው» አሉ ዋና አሠልጣኙ። «ይሠራል። እኔ ይለፍ ብያለሁ። አንቺስ?»

«ይለፍ» አሉ እትዬ፣ አባ ዝምን ሳያዩ።

«አንተስ፣ ልጄ? ይጠቅማል አይጠቅምም?»

«አይጠቅምም፣ ጋሼ። የተጋጨው መኪናዎ ጋራዥ ውስጥ ተገኝቷል፤ እጅዎን ይስጡኝ» አለ አባ ዝም፣ ሚስቱን ገጭተው በሸሹት በዋና አሠልጣኙ እጆች ላይም ካቴና አጠለቀ።