ሌንሱ ከተስተካከለ በኋላ

ልጅቷ ሌንሷን የምትወደው ለጉድ ነው! ካሜራው ስመ ጥር፣ ሌንሱ ግን የሌላ ድርጅት ስሪት፣ ርካሽ። ታዲያ ራሱ ፎከስ ሲያደርግ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይስታል፤ ፊት ያለው ሰው ይደበዝዛል፣ ከጀርባ ያለው ቁልጭ ይላል።

በወንድሟ በናሆም ምርቃትም ያው ሆነ። "አንቺ፣ ፊቴን የት ጣልሽው? አባዬ ብቻ እኮ ነው የሚታየው!" ብሎ ሳቀባት። አባዬ ደግሞ ፎቶ ሲባል እግሬ አውጪኝ ነው፤ የሁሉንም ቦርሳ ይዞ ከኋላ ይቆማል። እሷ በእፍረት እስከዚያ ቀን ያነሳቻቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጠፋቻቸው፤ ሌንሱንም ፒያሳ ወስዳ አስተካከለችው። ከዚያ ወዲህማ ምኑ ቅጡ! ፎቶዋ መስታወት ሆነ፤ ቤተሰቡ አጨበጨበላት።

በክረምቱ አባዬ በድንገት አረፈ። ድንኳኑ እየተተከለ አክስቷ መጣች።

"የኔ ልጅ፣ ፎቶ አንሺያችን አንቺ ነሽ። በትልቁ አሳጥበን ድንኳኑ ውስጥ የምናቆመው የወንድሜን ፎቶ ስጪን።"

ካሜራዋን ከፍታ አንድ በአንድ አየች። ናሆም ቁልጭ ብሏል፤ እማዬም። የአክስቷ የጆሮ ጌጥ እንኳ ያብለጨልጫል። በሁሉም ላይ፣ ከኋላ፣ ቦርሳ የያዘ አንድ የደበዘዘ ሰው ቆሟል።