የቀረን አፍንጫ

ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ ጡት አልይዝም ብሎ ይጮኻል። ትንግርት ባስጠጋችው ቁጥር ፊቱን ያዞርባታል። ትናንት ለአራስነቷ ብለው አናቷን ቅቤ የቀቧት እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ ድንገት አንድ ነገር ጠረጠሩ። ሙቅ ውሃ አምጥተው ራሷንና አንገቷን በሳሙና ሙልጭ አድርገው አጠቧት። ሕፃኑ ወዲያው ጡቱን ይዞ ጸጥ አለ።

ቅቤው ተበላሽቶ ኖሯል! ሠላሳ ዓመት ቅቤ ተራ የነገዱት፣ ባዕድ ነገር የገባበትን ቅቤ ገና ክዳኑ ሲነሣ የሚለዩት ሴት፣ የገዛ ልጃቸውን የሸተተ ቅቤ ቀቡ። የወረርሽኙን መከላከያ መርፌ ከተወጉ ወዲህ እሳቸውም ትንግርትም ምንም አይሸታቸውም።

በንዴት እየተንጨረጨሩ ሳለ ነርሷ ሕፃኑን ያንኑ መርፌ ልትወጋው ገባች።

«መርፌውን ሲወጋ ሴሎቹ ቫይረሱ የሚይዘውን እጀታ ከላያቸው ስበው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ቫይረሱ መግቢያ ያጣል፤» አለች እንደ ልማዷ።

«ሽታውስ በየት ይግባ?» አምባረቁባት።

«እማማ፣ በሽታው የስንቱን ቤት እንደዘጋ ረሱት?»

«ባሌን ቀብሬ እረሳለሁ? ግን ‹ሽታው ይመለሳል› እያላችሁ ስድስት ዓመት አሞኛችሁኝ!»

ከመደርደሪያው ሌላ የቅቤ ዕቃ አውርደው ከፈቱና በነርሷ አፍንጫ ሥር ደገኑት።

«ለትንግርት ገንፎ ያስቀመጥኩት ነው። ደህና ነው? ንገሪኛ!»

ነርሷ ጎንበስ ብላ ሳበች። ደግማ ሳበች። ከዚያ «እኔም ተወግቻለሁ» ብላ ዐይኗን ሰበረች።

ወይዘሮ እታፈራሁ ሕፃኑን ከትንግርት ተቀብለው እቅፋቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«በይ ሂጂ። በዚህ ቤት የቀረን አፍንጫ ይሄ ብቻ ነው።»