አይነዝርም

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የኤሌክትሪክ ምድጃዎቹ ተደርድረዋል፤ የጭነት መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሞ ያጓራል። ፈታሿ ግን "ተፈትሿል፤ አይነዝርም" የሚሉትን ተለጣፊዎች ይዛ ቆማለች። መፈተሻው ያለ መብራት አይሠራም። ሳትፈትሽ የለጠፈችበት ምድጃ ነገ ሰው ቢገድል፣ ተለጣፊው ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው።

"ለጥፊ ብያለሁ" አሉ የፋብሪካው ባለቤት ጋሽ ሻረው። "እምቢ ካልሽ፣ መፈረም የሚችል ሰው ሞልቷል።"

"ጋሼ፣ ቢነዝርስ?"

"የኔ ምድጃ? እስቲ ሰኪው።"

አንዱን ሰካችው። ጋሽ ሻረው እጃቸውን በውሃ አርጥበው የምድጃው ቆርቆሮ ላይ ጫኑት። ሠራተኛው ከቧቸዋል።

"ይኸው። ነዘረኝ?"

"ኧረ አልነዘረዎትም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

አንድ ተለጣፊ ልጣ ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። ጋሽ ሻረው እጃቸውን ሳያነሱ ለሠራተኛው ፈገግ አሉ።

"መብራት መጣ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ጋሽ ሻረው ወደ ኋላ ተፈናጥረው የካርቶኑን ክምር ይዘው ወደቁ። እዚያው እንደተጋደሙ ቀና ብለው የጣሪያውን አምፖል አዩት። እንደጠፋ ነው።

"ሲመጣ ፈትሺያቸው" አሉ፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ።