የቆመው መኪና

መኪናው ቀጥ ያለው ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ሜዳው ሰፋ ባለበት ቦታ ነበር። ሁለት ጊዜ አስነጠሰው፣ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ሾፌሩ ንጉሡ መሪውን በመዳፉ መታው።

«ይሄ የፊውዳሉ ርዝራዥ!» አለ። «የሚለግመው ሁልጊዜ ሕዝብ ሲርበው ነው።»

የዓለምዘርፍ በንዴቷ መሐል ሳቀች። ከደሴ ጀምሮ ሲያስቃት ነው የመጣው። የአዲስ አበባ ተማሪ ናት፤ የእድገት በኅብረት ዘማች ሆና መካነ ሰላም ከተመደበች ወራት አልፈዋል። ለረሃብተኛው የመጣውን ስንዴ ከደሴ አስጭና እንድታመጣ የተላከችው እሷ ናት። አጃቢ ፖሊስም ነበራቸው። አቀስታ ላይ ንጉሡ የጋበዘውን ምሳ በልቶ ሲነሣ ግን ሆዱን ቁርጠት ጠፍሮ ያዘው። ንጉሡ ደግፎ ጤና ጣቢያ አስገባው፤ ላቡን በራሱ መሐረብ ጠረገለት። ያንን ስታይ «እንዲህ ያለ ሰውም አለ» ብላ ነበር በልቧ።

መኪናው መቆሙን ያዩ ሰዎች ከየጥሻው ብቅ ብቅ አሉ። ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተጣብቋል። ጆንያዎቹን አንጋጠው ያያሉ እንጂ አይጠጉም። አልታዬ የሚባሉ አሮጊት ብቻ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጎማው አጠገብ ተቀመጡ።

«አንዱን ጆንያ ብንፈታላቸውስ?» አለች የዓለምዘርፍ።

«አንዱ ከተፈታ ግርግር ይነሣል። ደካማው ይረገጣል» አለ ንጉሡ። «ከተማ ደርሶ በሥርዓት ይታደል፣ እህቴ።»

እውነቱን ነው አለች፤ ዓይኗን ግን ከሕፃኑ ላይ መንቀል አቃታት።

ጥቂት ቆይቶ ግንባሩ የተጨረማመተ አሮጌ የጭነት መኪና እየተንኳኳ መጣ። ኋላው ላይ ወፍራም ሰንሰለት ተጠምጥሞበታል። የወረደው ሰውዬ ግዙፍ ነው፤ ልብሱ በግራሶ ደድሯል፣ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። በዚያ ሁሉ ረሃብተኛ ፊት ቆሎ በጉንጩ ሞልቶ ያመነዥካል።

«ቢተው እባላለሁ። የቆመ መኪና እጎትታለሁ» አለ። «አንድ ጆንያ ስንዴ ትሰጡኛላችሁ፤ ሳይመሽ መካነ ሰላም አደርሳችኋለሁ።»

የዓለምዘርፍ ጆሮዋን አላመነችም። «ከእነዚህ ሰዎች ጉሮሮ ነጥቀን?»

«እኔም ቤት ጉሮሮ አለ፣ ልጄ» አለና ወደ ሞተሩ አመራ። ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ንጉሡ ዘሎ መሐል ገባ።

«እንዳትነካ!»

ከዚያም የዓለምዘርፍን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ አንሾካሾከላት። «ይሄንን ሰው አውቀዋለሁ። የባለርስት ሾፌር ነበር። አሁን የቆመ መኪና እረዳለሁ እያለ ይጎትትና ገደል አፋፍ ግብረ አበሮቹ ወደሚጠብቁበት ያደርሰዋል። ጭነቱ ይወሰዳል፣ ሞተሩ ይፈታል። ሾፌሩ ነፍሱ ከተረፈች ዕድለኛ ነው።»

«ምን ይሻላል?»

«አታስነቂው። ጎታቹ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል በይና በራሱ መኪና ይዘሽው ሂጂ። ፖሊስ ጣቢያ ስትደርሱ ታስይዥዋለሽ። እኔ እስክትመለሽ ከስንዴው ጋር እሞታለሁ።»

የንጉሡን እጅ ጨብጣ፣ ለቢተው ስለ ፈቃዱ ነገረችውና መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባች።

መንገዱ አላልቅ አላት። ቢተው ቆሎ ሲዘግንላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በየዳገቱ የሬሳ ያህል የደረቁ ሰዎች ሲያልፉ ታያለች፤ አጠገቧ ደግሞ ያ አፍ ይፈጫል።

«አብሽሪ፣ እንደርሳለን» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ሌላ ጊዜ መኪና የቆመበት ሾፌር ሰንሰለቴን ሲያይ ሊስመኝ ይደርሳል። ያንቺው ምነው ተቆጣኝ?»

ዓይኑን በጨው አጥቧል፣ ብላ አሰበች።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከመድረሳቸው ዘላ ወረደችና ጮኸች። «ያዙት! በረሃብተኛ ደም የሚነግድ ሌባ ነው!»

ፖሊሶቹ ሮጠው ወጡ፤ ገበያተኛውም ግር ብሎ መጣ። የመኪናውን ቁልፍ ነጠቁት፣ እጁን የፊጥኝ አሰሩት። አንዱ ፊቱ ላይ ተፋበት፤ ሌላው ተከተለ። የዓለምዘርፍም ተፋች። በሕይወቷ ሰው ላይ ስትተፋ የመጀመሪያዋ ነው፤ አልቆጫትም።

«ምን አጠፋሁ?» ይላል ቢተው ምራቁ በጉንጩ እየወረደ። «ስንዴውን ተዉት! በነጻ እጎትተዋለሁ! ሰውዬው ሜዳ ላይ ብቻውን ነው!»

እዚያ ደርሶ እንኳ ለመኪናው እንዲህ መጎምጀቱ ይበልጥ አስጠላት። ወደ ውስጥ ሲገፈትሩት ዞራ አላየችውም።

ያን ምሽት መኪና አልተገኘም፤ በነጋታው ማለዳ ከሁለት ፖሊሶችና ከአንድ መካኒክ ጋር በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ተመለሰች። ለንጉሡ ዳቦ ይዛለታለች፤ ብርዱ እንዴት እንዳደረገው እያሰበች ነው የመጣችው።

ሜዳው ላይ መኪና የለም። ረሃብተኞቹ ግን በተወቻቸው ቦታ አሉ።

«ወሰዱት! ግብረ አበሮቹ ቀደሙን! ንጉሡን ገደሉት!» እያለች መንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሮጠች። ፖሊሶቹ ጠመንጃቸውን አቀባብለው ወደ ጥሻው ተመለከቱ። በመጨረሻ እማማ አልታዬ እግር ሥር ተንበረከከች። እንባዋ ይወርዳል።

«እማማ፣ ይንገሩኝ። ስንት ሆነው መጡ? ሾፌሩን የት ጣሉት?»

አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው አዩዋት።

«የምን ሰዎች፣ ልጄ? ማንም አልመጣ። እናንተ ኩርባውን እንደዞራችሁ ሾፌሩ ራሱ ገብቶ አስነሣውና፣ ወደመጣችሁበት አዙሮት ሄደ።»