የበለጠ መሐላ

ድርቁ በጠናበት ዓመት በሰመራ ዙሪያ ከብቱ አለቀ። ጎማ ሻጩ በለጠ ግን የተሰነጠቀ ጎማ ጥቁር ቀለም እየቀባ፣ "ልሙት፣ አዲስ ነው!" እያለ ይሸጥ ነበር። ለሞተረኛው ሙሌ የሸጠለት ጎማ ዲቾቶ መንገድ ላይ ፈንድቶ ገደለው።

ዝናብ ሲመጣ የሙሌ ሚስት ንጋትወርቅ የባሏን አሮጌ ሞተር ሳይክል እየገፋች መጣች። በለጠ ቀለማቸው በቅጡ ያልደረቀ ሁለት ጎማዎች መርጦ ገጠመላት።

"እነዚህስ ደኅና ናቸው፣ ጋሽ በለጠ?"

"ልሙት፣ እህቴ! አዲስ ናቸው።"

"እንግዲያው ራስህ ሞክራቸው።"

በለጠ እየሳቀ ኮርቻው ላይ ወጣ። ቀለም የነካቸው ሁለት እጆች ከኋላው ወገቡን አቀፉት። ንጋትወርቅ ከፊት ለፊቱ ቆማለች።

"ልሙት ብለኸኝ ነበር" አለ የሙሌ ድምፅ። "መሐላህን ልቀበል መጣሁ።"

ቁልፉ በንጋትወርቅ መዳፍ ውስጥ እንዳለ ሞተሩ ተነሣ፤ ወደ ዲቾቶም ታጠፈ።