የጥጥ ጫፍ

ሚስ ፍሎራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታለች። ክንዷ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ቋቁቻ ነው። የጋምቤላ ሙቀትና ላብ የሚያመጣው፣ ከከተማው ሰው ግማሹ ጀርባው ላይ ይዞት የሚዞረው ቋቁቻ። እሷ ግን ኢታንግ የውኃ ጉድጓድ ስታስቆፍር ከርማ፣ ከሥራ ስትመለስ የሕክምና መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ሥጋ ደዌ ይዞኛል ብላ መጥታለች።

«ሲያለቅስ ነው ያደረ» ትለኛለች አስተርጓሚዋ አኬሎ።

«ቋቁቻ ነው በያት።»

«ነገርኩት እኮ። እምቢ አለ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ምርመራ ይፈልጋል።»

አኬሎ ለሴቱም ለወንዱም «እሱ» ነው የምትለው። በዕድሜ አባቷን የምሆነውን እኔን ደግሞ «አንተ ዘገየ» ትለኛለች። ሌላ ሰው ቢለኝ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ያምርባታል። እንግሊዝኛውን የለቀመችው ከኢታንግ ስደተኞች ትምህርት ቤት ነው፤ አማርኛውን ከገበያ፤ ሳቋን ከየት እንዳመጣችው ግን አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ታገባለች። የእጮኛዋ የኦሞት አጎቶች ለጥሎሽ የሚሆነውን ሰማያዊ ዶቃ ይዘው አባቷ ቤት ገብተዋል። «ሠርጌ ላይ አንተ ዘገየ ትጨፍራለህ» ብላ አስምላኛለች።

ከአውራጃነት ወደ ክልልነት ካደግን ሁለት ዓመት ቢሆነንም የጤና ጣቢያችን የበር ጽሑፍ አሁንም ኢሉባቦር ይላል። የእኔ ክፍል ጭራሽ በር የላትም፤ መጋረጃ ብቻ ናት። ከመጋረጃው ማዶ አግዳሚው ላይ በሽተኞች ተደርድረዋል፤ እኔ እዚህ ባነጥስ እነሱ እዚያ ይማርህ ይላሉ። ከኒሙ ዛፍ ሥር ለብቻው የተቀመጠው ፓል ነው። ሥጋ ደዌ ጣቶቹን ሳይጨርሳቸው በፊት ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከዳነ ቆይቷል፤ ማንም አያምነውም እንጂ። አኬሎ ስትገባ የአግዳሚውን ሰው ሁሉ እየጨበጠች ነው የምታልፈው፤ ፓል ጋ ስትደርስ ብቻ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትከታለች። ልፍረድባት? ጋምቤላ በሙሉ እንደዚያው ነው።

ጥጡን አሹላለሁ። ምርመራው ቀላል ነው፦ ዓይን ጨፍኖ፣ ጥጥ የነካውን ቦታ በጣት ማሳየት፤ ሥጋ ደዌ የገባበት ቆዳ ንክኪ አይሰማውም። ሚስ ፍሎራ ግን ፍርሃት አስሯታል። አንዴ አጮልቃ ታያለች፣ አንዴ ደግሞ ገና ሳልነካት «እዚህ፣ እዚህ» እያለች ክንዷን ትደበድባለች። እንባዋ ሊመጣ ነው።

«አኬሎ፣ ነይ እስቲ አንቺ አሳያት» እላለሁ።

አኬሎ እየሳቀች ትቀመጣለች። ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ግራ እጇን ትዘረጋለች፤ የቀኟን አመልካች ጣት አየር ላይ አንስታ ትጠብቃለች። ከግራ ትንሿ ጣቷ ሥር የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ባለፈው ወር ድስት ስታወርድ የጋለው ብረት ልጧት ነበር፤ ያሸግኩላት እኔ ነኝ። «ምንም አላመመኝም» ስትለኝ «እሳት የማትፈራ ሙሽራ!» ብዬ ቀልጄባታለሁ።

ጥጡን እዚያው ትንሿ ጣቷ ላይ አሳርፋለሁ።

አኬሎ ፈገግ እንዳለች ናት።

ጥጡ ሳስቶ ይሆናል። አወፍረውና እደግማለሁ። የአየር ላይ ጣቷ አይነቃነቅም። አውራ ጣቷን ስነካ ወዲያው «እዚህ!» ብላ ትጠቁምና በእንግሊዝኛ ሚስ ፍሎራን ታበረታታለች፤ አየሽ፣ ቀላል ነው። ወደ ትንሿ ጣት እመለሳለሁ። ምንም። የእስክሪብቶዬን ጫፍ አምጥቼ ጫን አደርጋለሁ፣ ቆዳዋ እስኪሰረጉድ። ምንም።

እግዚኦ፣ ይህችን ልጅ አይሁን።

ቀና ስል ሚስ ፍሎራ እያየችኝ ነው። መጽሐፉን አንብባዋለች። የራሷን ክንድ ትታ አፏን በመዳፏ ይዛለች፤ አሁን የምታለቅሰው ለራሷ አይደለም።

መድኃኒት አለው። ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከጀርባዬ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ተቀምጧል። በጊዜ ስለተገኘ ጣቶቿ አንድም ሳይጎድሉ ትድናለች፤ ይህን በሙያዬ እምላለሁ። ለሰው አፍ ግን መድኃኒት አልተሠራም። ያንን ቃል አሁን ካወጣሁት እሷ ሳትሰማው አግዳሚው ይሰማዋል፤ ከአግዳሚው ገበያ ይደርሳል፤ ከገበያ የኦሞት አጎቶች ጆሮ። ዶቃው ከአባቷ ቤት ተመልሶ ሲወጣ ይታየኛል።

ከመጋረጃው ውጪ ፓል ያስላል። ማንም እግዜር ይማርህ አይለውም።

አኬሎ ሽፋሽፍቷን ግጥም አድርጋ እንደጨፈነች፣ እንዳታጭበረብር የተጠነቀቀች ሕፃን መስላ፣ ጣቷን አንስታ ትጠብቃለች። ዓይኗን እስክትገልጥ ድረስ ሙሽራ ናት። ቀስ በይ ልጄ፣ አትግለጪ እላለሁ በልቤ።

«አንተ ዘገየ» ትላለች እየሳቀች። «ቀጥል እንጂ! ሰው ውጪ እየጠበቀ ነው።»

ጥጡ ትንሿ ጣቷ ላይ ነው።