መርከቧን የሰማት የለም

ዴቭሺ በመርከቧ ሆድ ውስጥ ተንበርክኮ መዳፉን ሳንቃው ላይ ለጥፏል። እርጥብ ነው። በጨርቅ ጠረገው፣ ትንሽ ታገሠ፣ መልሶ ነካው። አሁንም እርጥብ ነው።

ከላይ መርከበኞቹ ይሯሯጣሉ። ክረምቱን ደረቅ ላይ ተጋድማ የከረመችውን መርከብ ዛሬ፣ በሙሉ ጨረቃ ቀን፣ ባሕሩ ሞልቶ አንሥቷታል። ለባሕሩ የመልካም ጉዞ መባው ኮኮናት ተወርውሮለታል፣ ሸራውም ተሰቅሏል። ውሃው ሳይሸሽ ከማንድቪ ወደብ፣ ከወንዙ አፍ ካልወጣች ሌላ ዐሥራ አምስት ቀን መቀመጧ ነው።

እርግጥ ውሃ ውስጥ ገና የገባች መርከብ ላብ ላብ ማለቷ ያለ ነው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ በሁለት በሦስት ቀን ይዘጋል። ውሃ እንዳያስገባ ጥጥ በደንብ ያልተጠቀጠቀበት የሳንቃ መጋጠሚያ ግን አይዘጋም፤ መሃል ባሕር ላይ ማዕበል ሲመታው ጥጡን ይተፋል። ሁለቱን የሚለየው ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው። በመዶሻ ሲመቱት የሞላው ጠንከር ብሎ ይመልሳል፣ ባዶው ያጉረመርማል።

የዴቭሺ ጆሮ ደግሞ ከሄደ ሁለት ዓመቱ። አርባ ዓመት ሙሉ ጥጥ በዓሣ ዘይት እየነከረ በሳንቃና በሳንቃ መሃል ሲጠቀጥቅ፣ ያው መዶሻው በላው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ያያል፣ ሲስቁ ይስቃል፣ ያልገባውን ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

መዶሻውን አንሥቶ መታ። ክንዱ ነዘረው እንጂ ሌላ ምንም የለም።

አማቹ፣ የልጁ የኬሳር ባል ቬልጂ፣ በመሰላሉ ወረደ። መርከብ ሲመራ ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው፤ ፊቱ የሙሽራ ፊት ሆኗል።

«ምነው ቀሩ አባባ? ኬሳር ዳር ቆማ ‹አባቴንም ይዘኸው ልትጠፋ ነው?› እያለች ታሾፍብኛለች!»

«ቬልጂ፣ እዚህ ጋ ልምታና ስማልኝ።»

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ! እኔ አልሰማም። ጆሮዬ ሞቷል ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሆነው።»

ሰማይ የሚደፋበት መስሎት ጠበቀ። ቬልጂ ግን አልደነገጠም፤ አቀረቀረና ቀና አለ።

«እናውቃለን እኮ አባባ።»

«ማናችሁ?»

«ሰፈሩ ሁሉ። አናጢዎቹም፣ ባለመርከቡም። ማን ደፍሮ ይንገርዎት? ‹እጃቸው ይበቃል› አልን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼው ነው። አይ ይሉኝታ! ክረምቱን ሙሉ ዴቭሺ «ባዶ የቀረ ቢኖር አናጢዎቹ ሰምተው ይነግሩኝ ነበር» እያለ ነበር ልቡን የሚያሳርፈው። እሱ በእነሱ ጆሮ፣ እነሱ በእሱ እጅ ሲተማመኑ፣ መርከቧን የሰማት የለም።

«በል ስማ» አለና መታ። ደገመ። ሠለሰ።

ቬልጂ ጆሮውን ሳንቃው ላይ አስጠግቷል። ዴቭሺ የሚያየው ግን ዓይኑን ነው። የልጁ ዓይን ሳንቃው ላይ ጥቂት ቆየና ወደ መሰላሉ ሸሸ።

«ደኅና ነው» አለ። «ጠንካራ ነው።»

«የልጅቷን ነገር አስብ ቬልጂ። እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው እንጂ! ደግሞ እንጨቱ ያብጣል። ይልቅ ይውጡ፣ ውሃው እየሸሸ ነው። ወደ ዳር የምትወስድዎት ጀልባ እየጠበቀች ነው።»

ዴቭሺ ጀርባውን ለመሰላሉ ሰጥቶ ተቀመጠ። የተረፈውን ጥጥ ከከረጢቱ አውጥቶ ጭኑ ላይ ያፍተለትለው ጀመር።

«ጀልባዋን ስደዳት» አለ።

ከዚያ ዞሮ የአማቹን አፍ ጠበቀ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ መርከቧ እስከምትሄድበት እስከ ሙስካት ድረስ ከዓሣና ከሩዝ በቀር የሚበላ የለም። ሳንቃው ደኅና ከሆነ ቬልጂ በግድም ተሸክሞ ጀልባዋ ላይ ያወርደዋል፤ ቢያንስ «አብደዋል እንዴ?» ይለዋል።

ቬልጂ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ቆርቆሮ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አደረገለትና መሰላሉን ወጣ።

ዳር ላይ ኬሳር ባዶ የምትመለሰውን ጀልባ ታያለች። ምን ብላ ትጮህ ይሆን? እሱ እንደሆነ አይሰማትም።

መዳፉን ሳንቃው ላይ መለሰ። መርከቧ ዘንበል አለች፤ የወንዙ ለስላሳ ውሃ አልቆ የባሕሩ ምት ሲጀምር በእጁ ተሰማው። በጣቶቹ መሃል ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል።